በክበቦች መካከል ስላለው ሰው

ሰውን በየወገኑ ለይቶ መቍጠርና አንዱን ወገን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ከጥንት ጀምሮ የቤተ መንግሥትም የቤተ ክህነትም ሥራ ሆኖ የኖረ ነው፤ በዘመናችን ግን ይህ ሥራ በጋዜጣውና በሬዲዮው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ዘገባና በየስብሰባው አዳራሽ እጅግ ከመስፋፋቱ የተነሣ፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሁለትና የሦስት ወገን አባል ሊሆን መቻሉ እየተዘነጋ፣ ወገኖቹ ሁሉ አንዱ ከሌላው ፈጽሞ እንደማይገናኝ ተደርገው ይቈጠራሉ፤ ከተቈጠሩ በኋላ ይደመራሉ፤ ድምሩም ማንም ሳይመረምረው እንደ እውነት ይነገራል። ከዚህም የሚከፋው ክርክራችን ነው፤ «እንዲህ ያለው ሰው እንዲያ ሊሆን አይችልም» የሚል ፍርድ፣ አንድ ምስክር ሳይጠራ፣ አንድ መዝገብ ሳይገለጥ፣ በየቀኑ ይሰጣል። እኔ እንደማምነው ለዚህ ችግር ታላቅ እርዳታ ሊሰጥ የሚችል መሣሪያ በእጃችን አለ፤ ልጆቻችን በዘጠነኛ ክፍል ስለ ስብስቦች በሚነገርበት የሒሳብ ምዕራፍ ይማሩታል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ከደብተሩ ጋር አብሮ ይቀመጥና ወደ አደባባይ ሳይወጣ ይቀራል። እርሱም የቬን ዲያግራም የሚባለው የተጋጠሙ ክበቦች ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የአንድ ወገን አባላት ሁሉ በአንድ ክበብ ውስጥ፣ የሌላው ወገን አባላት በሌላ ክበብ ውስጥ እንዳሉ ይታሰብና፣ ሁለቱ ክበቦች በከፊል ተደራርበው ይሣላሉ። ያን ጊዜ ወረቀቱ በአራት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ወገን ብቻ የሆኑት፣ የሁለተኛው ብቻ የሆኑት፣ የሁለቱም የሆኑት፣ ከሁለቱም ውጭ የቀሩት። ክበቦቹ ሦስት ሲሆኑ ክፍሎቹ ስምንት ይሆናሉ፤ አንድ ወገን በተጨመረ ቍጥር የክፍሎቹ ብዛት በእጥፍ ያድጋልና።

ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የአመክንዮ ሊቅ ከጆን ቬን ነው። ቬን በ1834 እ.ኤ.አ. ሀል በምትባለው የወደብ ከተማ ከካህናት ቤተ ሰብ ተወለደ፤ አያቱ የክላፓም ደብር ካህንና የባሪያ ንግድ እንዲቀር ከታገለው ማኅበር ወዳጆች አንዱ የነበሩ ሲሆኑ፣ አባቱ ሄንሪ ቬን ደግሞ ከ1841 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል። (ይህ ማኅበር ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ጀርመናዊው ኢዘንበርግ በአገራችን ከቈየ በኋላ ያዘጋጀው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በዚያው በ1841 በለንደን ታትሞ የወጣው በዚሁ ማኅበር ወጪ ነበር።) ልጁም በካምብሪጅ ከተማ በጎንቪልና ኪዝ ኮሌጅ ተምሮ፣ እንደ አባቶቹ ማዕረገ ክህነት ተቀብሎ ጥቂት ዘመን ካገለገለ በኋላ፣ ወደ ኮሌጁ ተመልሶ አመክንዮን ሲያስተምር ኖረ። የተጋጠሙትን ክበቦች የገለጠበትን ጽሑፍ ያወጣው በ1880 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ነገሩን በሰፊው ያብራራበትን የአመክንዮ መጽሐፉን አሳተመ። በ1883 እ.ኤ.አ. ክህነቱን ተወ፤ ምርመራውን ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ አልተወም።

ይሁን እንጂ ክበብን ለአመክንዮ መግለጫ በማድረግ ቬን የመጀመሪያው ሰው አልነበረም፤ ይህንም ራሱ በግልጽ ስለሚያውቅ ክበቦቹን በቀደመው ሊቅ ስም ይጠራቸው ነበር። ያ ቀዳሚ ሊቅ በባዝል ከተማ የተወለደው ሌዎንሃርድ ኦይለር ሲሆን፣ ከቬን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ለአንዲት የጀርመን ልዕልት በጻፋቸው መልእክታት ውስጥ በክበብ እያስረዳ ያስተምር ነበር። ነገር ግን በሁለቱ ሊቃውንት ሥርዓት መካከል ታላቅ ልዩነት አለ፤ አሳቤም ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ስለ ሆነ ጥቂት ልዘግይበት። በኦይለር ሥርዓት ሣዩ የሚሥለው አስቀድሞ ያወቀውን ነው፤ አንዱ ወገን በሌላው ውስጥ የሚጠቃለል ከሆነ ትንሹን ክበብ በትልቁ ሆድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱ ወገኖች የማይገናኙ ከሆኑም አራርቆ ይሥላቸዋል። ይህ ለሚያውቅ ሰው መልካም ነው፤ ላላወቀ ሰው ግን፣ ገና ሳይመረምር፣ ክበቦቹ እንዲጋጠሙ ወይም እንዲራራቁ በመጀመሪያው መሥመር ላይ እንዲወስን ያስገድደዋል። ቬን ይህን ጉድለት አይቶ ሥርዓቱን ገለበጠው፤ በእርሱ ዘንድ አስቀድሞ ሊኖር የሚችለው ክፍል ሁሉ፣ የታወቀውም ያልታወቀውም፣ ሳይቀር ይሣላል፤ ከዚህ በኋላ ምርመራ ይደረግና ማንም እንደሌለበት በማስረጃ የተረጋገጠው ክፍል ብቻ ይጠቍራል። ያልጠቈረው ሁሉ ሰው ሊኖርበት የሚችል ስፍራ ሆኖ ይቈያል። እንግዲህ በቬን ሕግ ባዶነት የሚመሰከርበት ነገር ነው፤ ማንም ከመሬት ተነሥቶ የሚያውጀው ነገር አይደለም። እኛ ደግሞ በአደባባይ ክርክራችን ሁሉ፣ ቬን ሊያስጠነቅቀን የፈለገውን ስሕተት ሠርተን፣ ክበቦቹን አራርቀን ከሣልን በኋላ ስለ ክበቦቹ መራራቅ እንጣላለን።

ምሳሌውን ከራሳችን የዘመን አቈጣጠር ላምጣ፤ በዚህ ስፍራ ቍጥሩም ቀኑም የታወቀ ነውና። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ረቡዕንና ዓርብን ይጾማሉ፤ ዐቢይ ጾምንም 55 ቀን ይጾማሉ። አንድ ሰው እነዚህ ሁለቱ ጾሞች በዓመት ስንት ቀን እንደሚይዙ ቢጠየቅና ቸኩሎ ቢቈጥር፣ በዓመት ውስጥ 52 ረቡዕና 52 ዓርብ ስላሉ 104ን ከ55 ጋር ደምሮ 159 ቀን ነው ይላል። ነገር ግን ዐቢይ ጾም ሰኞ ገብቶ በትንሣኤ ዋዜማ በቅዳሜ የሚፈጸም ስለ ሆነ ሰባት ሙሉ ሳምንትና ስድስት ቀን ይዟል፤ በውስጡም 8 ረቡዕና 8 ዓርብ ይገኛሉ። እነዚህ 16 ቀኖች በሁለቱም ክበቦች ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ቸኩሎ የቈጠረውም ሰው ሁለት ጊዜ ቈጥሯቸዋል። ደግሞም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ በዚያ ወራት የሚውሉት 7 ረቡዕና 7 ዓርብ ከመጀመሪያውም ከ104ቱ ሊወጡ ይገባቸው ነበር። ልደትና ጥምቀት በእነዚህ ቀኖች ሲውሉ የሚሆነውን ወደ ጎን ትተን፣ ከ104 ላይ 14 ሲነሣ 90 ይቀራል፤ 90ና 55 ሲደመሩ 145 ይሆናሉ፤ ከዚህም ላይ የጋራዎቹ 16 ቀኖች ሲቀነሱ እውነተኛው ቍጥር 129 ሆኖ ይገኛል። በ159ና በ129 መካከል ያለው 30 ቀን፣ ጾመኛው ያልጾመው፣ ቈጣሪው ግን የጻፈው አንድ ሙሉ ወር ነው። ቈጣሪው አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ቍጥር ለብቻው ሲመረመር መነሻ አለው፤ ስሕተቱ የገባው ክበቦቹ ተደራርበው ሳለ እንደ ተራራቁ አድርጎ በመደመሩ ነው።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ክበብ፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ይጨመር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን በሚጾመው በዚህ ጾም ውስጥ እንደ ዓመቱ አራት ወይም አምስት ረቡዕና ዓርብ ይውላሉና፣ ከረቡዕና ዓርብ ክበብ ጋር መጋጠሙ ግልጽ ነው። ከዐቢይ ጾም ጋርስ ይጋጠማልን? ማንም ሰው ወዲያው አይጋጠምም ይላል፤ መልሱም እውነት ነው፤ የቬን ሕግ ግን መልሱ እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃውም፣ ከየት እንደ ተገኘ ይጠይቃል። ስለዚህ የጋራውን ክፍል አስቀድመን እንሥለውና ባሕረ ሐሳብን እንጠይቅ፤ ባሕረ ሐሳብም ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀን እንደማይቀድም፣ ከሚያዝያ 30 ቀንም እንደማይዘገይ ይነግረናል። እንግዲህ ዐቢይ ጾም በምንም ዓመት ነሐሴን ሊደርስበት አይችልም፤ ያን ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ልብ እናጠቍረዋለን። ይህ የተመሰከረለት ባዶነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በተመሳሳይ ድፍረት የዐቢይ ጾምንና የረመዳንን የጋራ ክፍል ቢያጠቍር ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ረመዳን በጨረቃ አቈጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ ብዙ ዓመታትም ሁለቱ ጾሞች ተራርቀው ያልፋሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ብቻ የታዘበ ሰው አይገናኙም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። በ2016፣ በ2017ና በ2018 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሰሞን ተገናኝተው፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች በአንድ ወቅት ጾሙ። አለማየት አለመኖርን አያስረዳምና ያ ክፍል ሳይጠቍር መቈየት ነበረበት።

ከዚህ ወደ ከበደው ነገር ልለፍ። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በአገሪቱ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ እንዳለ ሲያስታውቅ፣ ብሔራቸው አማራ መሆኑን የተናገሩት 19.9 ሚሊዮን ያህል፣ አፍ መፍቻ ቋንቋቸው አማርኛ መሆኑን የተናገሩት ደግሞ 21.6 ሚሊዮን ያህል ሆነው ተመዘገቡ። እነዚህ ሁለት ቍጥሮች በየጊዜው ይጠቀሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚጠቀሱት፣ አንዱ ወገን ሁለቱን ክበቦች አንድ አድርጎ ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ የዚያ ብሔር ነው ሲል፣ ሌላውም ወገን ከዚያ የተለየውን ሰው እንደሌለ ሲቈጥረው ነው። ሥዕሉን ስንሥል ግን ክርክሩ ወዲያው መልክ ይይዛል። አማርኛን አፍ መፍቻ ያደረጉት ከብሔሩ አባላት በ1.7 ሚሊዮን ያህል ስለሚበልጡ፣ ምንም ሌላ ማስረጃ ሳንጠይቅ፣ አፍ መፍቻው አማርኛ ሆኖ ብሔሩ ሌላ የሆነ ሰው ቢያንስ 1.7 ሚሊዮን ያህል እንዳለ እናውቃለን። «ቢያንስ» የሚለውን ቃል አንባቢው እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ፤ ከአማራ ብሔር አባላት መካከል አፍ መፍቻው ሌላ ቋንቋ የሆነ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ቢኖር፣ ያኛው ቍጥር ወደ 2.2 ሚሊዮን ከፍ ይላልና። ሁለቱ ድምሮች ለብቻቸው የጋራው ክፍል ምን ያህል እንደ ሆነ አይነግሩንም፤ ይህን ለማወቅ የብሔሩ ጥያቄና የቋንቋው ጥያቄ መልሶች ለእያንዳንዱ ሰው ተጣምረው በአንድ ሰንጠረዥ መታየት አለባቸው። እንዲህ ሲሆን በአዲስ አበባ ተወልዶ በአንድ ቋንቋ አፉን ፈትቶ በአባቱ ወይም በእናቱ ወገን የሌላ ብሔር ልጅ የሆነው ሰው፣ ሁለቱም ተከራካሪዎች የዘነጉት ሰው፣ በወረቀቱ ላይ የራሱ ስፍራ ይኖረዋል። ለዚህ ሰው አዝንለታለሁ፤ በየክርክሩ ስሙ ሳይነሣ ዕጣው የሚወሰንበት እርሱ ነውና።

የዕርዳታና የልማት ዘገባዎችም በዚሁ ደዌ የተያዙ ናቸው። አንድ ወረዳ በዓመቱ መጨረሻ «400 ሴቶች፣ 300 ወጣቶችና 250 ተፈናቃዮች ተጠቃሚ ሆነዋል» ብሎ ዘገበ እንበል፤ ይህ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ ግምት ነው። ከዘገባው ሥር የሚጻፈው ድምር 950 ይሆናል። በአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ሰው እንደ መሆኑ መጠን፣ የ22 ዓመት ሴት ከትውልድ ቀዬዋ ተፈናቅላ እርዳታ ብትቀበል፣ በሴትነቷ አንድ ጊዜ፣ በወጣትነቷ ሁለተኛ ጊዜ፣ በተፈናቃይነቷ ሦስተኛ ጊዜ ተጽፋለች ማለት ነው። ወጣቶቹና ተፈናቃዮቹ በሙሉ ከሴቶቹ መካከል ቢሆኑ እርዳታው የደረሰው ለ400 ነፍስ ብቻ ይሆናል፤ ሦስቱ ወገኖች ፈጽሞ ባይገናኙ ደግሞ ለ950። እውነቱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል በአንድ ስፍራ ቆሞ ሳለ፣ ዘገባው የሚመርጠው ሁልጊዜ ትልቁን ነው። እውነቱን ለማግኘት ሦስቱን ወገኖች ደምሮ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጋሩትን ከእያንዳንዱ ጥንድ ቀንሶ፣ በመጨረሻም በሦስቱም ውስጥ ያሉትን መልሶ መጨመር ያስፈልጋል፤ እነዚህ ሦስት ጊዜ ተደምረው ሦስት ጊዜ በመቀነሳቸው ከሒሳቡ ውስጥ ፈጽመው ጠፍተዋልና። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ ተማሪዎችን የሚያስጨንቅ ነው፤ ለእኔ ግን በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያከብር እርምጃ መስሎ ይታየኛል።

ምክንያቱም በመካከለኛው ክፍል ያለችው ያች ሴት፣ በቍጥር ጊዜ ሦስት ጊዜ የተጻፈች ስትሆን፣ በአገልግሎት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ማንም የማያገኛት ናት። ለሴቶች የተዘጋጀው ሥልጠና የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል፤ እርሷ ተፈናቃይ በመሆኗ የላትም። ለወጣቶች የተመደበው ብድር የሚሰጠው በማኅበር ለተደራጁ ነው፤ እርሷ ልጅ ስለምታሳድግ ለመደራጃው ጊዜ የላትም። ለተፈናቃዮች የሚታደለው እህል በቤተ ሰብ ኃላፊ ስም ይጻፋል፤ ኃላፊ ተብሎ የተመዘገበውም ሌላ ሰው ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ክበብ ብቻ እየተመለከተ ሥራውን በቅንነት ሊፈጽም ይችላል፤ ነገር ግን ችግሮቹ የተደራረቡባት ሴት ያለችው ክበቦቹ በተደራረቡበት ቦታ በመሆኑ፣ ሦስቱን ክበቦች በአንድ ወረቀት ላይ ያልሣለ ሰው ሊያያት አይችልም። ከሁሉ የበለጠ እርዳታ የሚያስፈልጋት ሴት ከሁሉ የበለጠ የተዘነጋች የምትሆነው ከጭካኔ ሳይሆን ከአቈጣጠር ጉድለት መሆኑ ልቤን ያሳዝነዋል፤ የአቈጣጠር ጉድለት ግን ከጭካኔ ይልቅ ለመታረም የቀለለ ነው።

ሥዕሉ ወሰን አለው። የክበቦቹ ስፋት የሰዉን ብዛት አያሳይም፤ ሁለት እኩል ክበቦች ሲሣሉ አንዱ አንድ ሺህ፣ ሌላው አንድ ሚሊዮን ሰው ሊይዝ ስለሚችል፣ በየክፍሉ ውስጥ ቍጥሩ ካልተጻፈ ዓይን ይታለላል። ወገኖቹም አራት ሲሆኑ ተራ ክበብ አይበቃም፤ አራት ክበቦች በምንም ዓይነት ቢደረደሩ ከ14 የበለጠ ክፍል አይሰጡም፣ የሚያስፈልጉት ግን 16 ናቸውና፤ ቬን ራሱ ለዚህ የተጠቀመው ሞላላ ቅርጽ ነበር። ከዚያ በላይ ሲሆን ሥዕሉን ትቶ ወደ ሰንጠረዥና ወደ ኮምፒዩተር መሄድ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ ግን አንድ የሚያከራክር ተቃውሞ አለ፤ ይኸውም ሰውን በክበብ መክበብ ራሱ መለያየትን ያበረታል የሚል ነው። የተቃውሞውን መነሻ አከብራለሁ፤ በመለያየት ብዙ የተጐዳ ሕዝብ መሥመርን ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ነገር ግን መሥመሮቹ እኛ ባንሥላቸውም ተሥለዋል፤ በመታወቂያው፣ በመዝገቡ፣ በምርጫ ክርክሩ፣ በዕርዳታው ዝርዝር ላይ አሉ። በእኛ እጅ የቀረው ምርጫ፣ መሥመሮቹ ተራርቀው ይቅሩ ወይስ ሰው በጋራ የሚቆምበትን ስፍራ እያሳዩ ይሣሉ የሚለው ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ስመርጥ፣ መለያየትን የሚሽረው መሥመሩን መደበቅ ሳይሆን የጋራውን ክፍል በግልጥ ማሳየት ነው ብዬ በማመን ነው።

ይህም እንዲሆን የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ተጠቃሚዎችን የሚመዘግብ ሁሉ ወገንን ከመቍጠር አስቀድሞ ሰውን ይቍጠር፤ አንዲት ሴት በአንድ ስም፣ በአንድ ተራ ላይ ትጻፍ፣ ሴትነቷ፣ ዕድሜዋ፣ መፈናቀሏና የአካል ጉዳት ካለባት እርሱም በዚያው ተራ ላይ ጐን ለጐን ይመዝገብ፤ በዘገባውም ግርጌ ከየወገኑ ድምር አጠገብ የስሞቹ ቍጥር ይጻፍ። የጋዜጣ አዘጋጆች ደግሞ እንዲህ ያለ ድምር ሲቀርብላቸው፣ ከማተማቸው በፊት፣ ከእነዚህ ሰዎች ስንቱ በሁለት ቦታ ተጽፏል ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ካላገኙም ድምሩን ትተው የየወገኑን ቍጥር ለብቻ ለብቻው ያትሙ። በተደጋጋሚ የተራዘመው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቈጠራም የሚካሄድበት ጊዜ ሲደርስ፣ የብሔር፣ የቋንቋ፣ የሃይማኖትና የትውልድ ስፍራ መልሶች ለየብቻ ተደምረው ብቻ ሳይሆን፣ የግለሰቡ ምሥጢር ተጠብቆ፣ እርስ በርሳቸው ተጣምረው በሰንጠረዥ እንዲወጡ፣ ሰንጠረዦቹም ለማንኛውም ተመራማሪና ለማንኛውም ጋዜጠኛ ክፍት እንዲሆኑ፣ መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ከአሁኑ ሊጠየቅ ይገባል።